ተከላካይ ነው ወይስ አጥቂ?

ልጄ ዋና የምትማርበት ቤት በሩ ላይ የሰው ስም ተጽፏል። «ጆን ቻርልስ የስፖርት ማዕከል» ይላል። ደቡብ ሊድስ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በር ገብቼ ወጥቻለሁ። አንድም ቀን «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የድሮ ከንቲባ ወይም ለሕንፃው ብር የሰጠ ነጋዴ መስሎኝ ነበር።

የምወስዳት ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣሁ ነው። እሷ ውሃ ውስጥ ስትገባ እኔ የወላጆች ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ሙቀቱ ያባብላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንገቴ ይወድቃል። አንድ ቅዳሜ ግን አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው የመጡት። በዚያ ሁሉ ሙቀት የሱፍ ኮፍያቸውን አላወለቁም።

እዚህ አገር ከማያውቁት ሰው ጋር የሚወራው ሁለት ነገር ነው፤ ዝናብና ኳስ። ዝናቡን ቶሎ ጨረስነው።

«ኳስ ትጫወት ነበር?» አሉኝ።

«በልጅነቴ፣ ሰፈር ውስጥ።»

«ምን ቦታ?»

«ተከላካይ። የመሀል።»

«እንደሱ ነዋ!» አሉና በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ።

«እንደ ማን?»

እንዴት እንዳዩኝ! ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ «ለመሆኑ ታቦቱ የማን ነው?» ያልኩ ያህል ነው።

የዚያን ቀን እንቅልፌን ትቼ ሰማኋቸው። ቤት ገብቼ ደግሞ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ያነበብኩትን ይዤ እየሄድኩ እከራከራቸዋለሁ። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ትርፍ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጆን ቻርልስ ዌልሳዊ ነው። በዲሴምበር 1931 ስዋንዚ ከተማ ውስጥ ኩምቡርላ በሚባል ሰፈር ተወለደ። በ14 ዓመቱ የከተማው ክለብ፣ ስዋንዚ ታውን፣ የሜዳ ልጅ አድርጎ ቀጠረው። ያኔ አካዳሚ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ልጁ ሜዳውን ያጸዳል፣ የትልልቆቹን ጫማ ይወለውላል፣ በተረፈው ሰዓት ኳሱን ይመታል። ለስዋንዚ ዋና ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይሰለፍ ሊድሶች አዩት፤ አፈፍ አድርገው ወሰዱት።

የሊድስ አሠልጣኝ ሻለቃ ፍራንክ በክሊ ይባላሉ። ጦር ሜዳ የነበሩ፣ ማዕረጋቸውን እንደ ስም ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ኤፕሪል 1949 ላይ ከአንድ የስኮትላንድ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። የዚያ ቡድን አጥቂ ቢሊ ሂዩሊስተን በዚያው ወር ዌምብሌይ ላይ ስኮትላንድ እንግሊዝን 3 ለ 1 ስታሸንፍ የእንግሊዝን ተከላካዮች ሲያተራምስ የዋለ ጉልበተኛ ነው። ሻለቃው ማንን ያዘው አሉት? የ17 ዓመቱን ልጅ። ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ሂዩሊስተን ኳስ ሳያገኝ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዓመቱ፣ ማርች 1950 ላይ፣ ልጁ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ገና 18 ዓመቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ሰውየው ተከላካይ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ደረቱ የቁም ሳጥን በር የሚያክል። ሲዘል ደግሞ ሌላው ሁሉ ወርዶ እሱ ገና አየር ላይ ነው ይላሉ ያዩት።

ነገሩ የተበላሸው በ1952 ነው። ሊድስ ጎል አጣ። ሻለቃው «እስቲ ይሄን ልጅ ፊት ላይ ልሞክረው» አሉ። በዚያው ዓመት 26 የሊግ ጎል አገባ። በሚቀጥለው፣ በ1953/54፣ 42። አዎ፣ 42፣ በአንድ የውድድር ዘመን፣ በሊግ ብቻ! ይህ የሊድስ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። እና እኔ ሽማግሌውን «ታዲያ ይሄ አጥቂ ካልሆነ ማን አጥቂ ሊሆን ነው?» ስላቸው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ፊት ላይማ ማንም ይጫወታል» አሉኝ።

ኳሱን አስቡት። የያኔው ኳስ ወፍራም ቆዳ ነው፤ አፉ በጠፍር የሚታሰር። የሊድስ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆናል። ቻርልስ ያንን ነው በቴስታ የሚመታው። «ቴስታ» የሚለውን ቃል ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እኛ አገር በጭንቅላት መምታትን የምንጠራው በጣልያንኛ ነው አልኳቸው። ካልቾም፣ ሪጎሬም የጣልያን ናቸው። ጣልያኖቹ ቃላቸውን ትተውልን ሄዱ። ሽማግሌው ሳቁ። «እኛን ደግሞ ሰውየውን ወስደውብን ሄዱ» አሉ።

የተወሰደበት ምክንያት እሳት ነው። በሴፕቴምበር 1956 የሊድስ ሜዳ፣ የኤላንድ ሮድ ስታዲየም፣ ምዕራብ ትሪቡን ሌሊት ተቃጥሎ አደረ። ኢንሹራንሱ ወጪውን አይሸፍንም። ክለቡ ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ያኔ ወደነበረው ከፍተኛው ሊግ፣ ማደጉ ነው፤ ካዝናው ባዶ። የሚሸጥ ነገር ሲፈለግ ያለው አንድ ንብረት ቻርልስ ሆነ። እሱ ደግሞ በዚያው ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን 38 ጎል አግብቶ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር። ሽማግሌው በዓይናቸው ያዩት ያንን ዓመት ነው። አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ፊት ወደ ብረቱ አስጠግተው ያቆሟቸዋል፣ ራሳቸው ከኋላ ሆነው በሁለት እጃቸው ያጥሩላቸዋል። የሚያስታውሱት ከጎሎቹ ይልቅ ድምፁን ነው። ግንባሩ ኳሱን ሲያገኝ የሚወጣውን ድምፅ። መዳፋቸውን በጉልበታቸው ላይ ጠፍ አድርገው አሰሙኝ፤ ዋናተኞቹ ዞር ብለው አዩን።

አሁን ያ የተቃጠለው ትሪቡን ቦታው ላይ ተሠርቶ ቆሟል። ስሙ ማን መሰላችሁ? ጆን ቻርልስ ትሪቡን። ሸጠውት በሠሩት ቤት ላይ ስሙን ለጠፉለት። እኔ እሱን ብሆን መጀመሪያ ድርሻዬን እጠይቅ ነበር።

የገንዘቡን ነገር ካነሳን አይቀር። ያኔ በእንግሊዝ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ አለው። የፈለግኸውን ያህል ኮከብ ሁን፣ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በታች ነው የምታገኘው። ክለብ ስትቀይር ለፊርማ የሚሰጥህ 10 ፓውንድ ነው። በኤፕሪል 1957 የጣልያኑ የቱሪን ክለብ ጁቬንቱስ ለሊድስ 65,000 ፓውንድ ከፈለ፤ ለአንድ የብሪታንያ ክለብ እስከዚያ ቀን ተከፍሎ የማያውቅ ገንዘብ ነው። ለቻርልስ ለራሱ ለፊርማ 10,000 ፓውንድ ተሰጠው። ከ10 ወደ 10,000! የጁቬንቱስ ፕሬዚዳንት ኡምቤርቶ አኜሊ ነበር፤ የፊያት ባለቤቶች ልጅ፣ ገና 22 ዓመቱ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሲያስል የሚነሳውን ያንን ፊያት 600 ባየሁ ቁጥር ከሊድስ ኳስ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብዬ እንዴት ልገምት?

ቱሪን ላይ ሦስት ሆኑ። ካፒቴኑ ቦኒፔርቲ፣ አርጀንቲናዊው ሲቮሪ፣ እና ቻርልስ። ሲቮሪ አጭር ነው፤ ካልሲውን ቁልቁል ጠቅልሎ ቅልጥሙን አራቁቶ ይጫወታል፣ ሰው ነክቶት ዝም አይልም፣ ከዳኛ ጋር ይጣላል። ቻርልስ ግዙፍ ነው፤ ሰው አይነካም። አብረው ሲቆሙ አባትና የሚያስቸግር ልጅ ይመስላሉ። አንድ ቀን ሲቮሪ በንዴት ሊያብድ ሲል ቻርልስ ሜዳ መሃል በጥፊ ብሎ አበረደው ይባላል። በሕይወቱ የመታው አንድ ሰው እሱ ቢሆን አይገርመኝም፤ እሱም የገዛ ቡድኑ ልጅ ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሰንጠረዡ መሃል ሲዋልል የነበረው ጁቬንቱስ በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ቻርልስ 28 ጎል አግብቶ የጣልያን ከፍተኛ ሊግ፣ የሴሪ ኤ፣ ኮከብ ጎል አግቢ ተባለ። ለክለቡ አሥረኛ ዋንጫው ስለሆነ ማሊያው ላይ ኮከብ መስፋት የጀመሩት ያኔ ነው። በአምስት ዓመት ሦስት የሊግና ሁለት የጣልያን ዋንጫ በላ። ጎሉ ከመቶ በላይ ነው።

ክርክራችንን ያባባሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ጁቬንቱሶች ቻርልስን ፊት ላይ ያሰልፉታል፤ ጎል ገብቶ መምራት ሲጀምሩ ወደ ኋላ ጠርተው ተከላካይ ያደርጉታል። አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ቤቱንም ይሠራል፣ በሩንም ይዘጋል። ይህን ሳነብ ለሽማግሌው ልደብቃቸው አስቤ ነበር። አላስቻለኝም። ነገርኳቸውና አንድ ሳምንት ሙሉ ፎከሩብኝ።

ጣልያኖቹ «ኢል ጂጋንቴ ቡዎኖ» አሉት፤ ደጉ ግዙፍ ማለት ነው። ያኔ ቢጫና ቀይ ካርድ ገና አልመጣም፤ በዓለም ዋንጫ የታየው በ1970 ነው። ዳኛው ጥፋተኛውን በማስታወሻ ደብተሩ ይመዘግበዋል፣ ከባሰ በጣቱ ወደ ውጭ ያሳየዋል። የቻርልስ ስም በዚያ ደብተር ገብቶ አያውቅም ይላሉ። በአንድ የቱሪን ደርቢ፣ ከከተማው ሌላ ክለብ ከቶሪኖ ጋር ሲጫወቱ፣ ክርኑ ሳያስበው ተከላካዩን አግኝቶት ሰውየው ተዘረረ። ፊት ለፊቱ በረኛው ብቻ ቀርቷል። ቻርልስ ኳሱን ወደ ውጭ መታት፤ ሰውየው እንዲታከም። የቶሪኖ ደጋፊዎች ይህን አልረሱለትም። በደርቢ!

እዚህ ጋ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር።

ኮልፌ ስንጫወት የእኛ ሕግ «ኳስ ካለፈ ሰው አያልፍም» ነበር። አንድ ክረምት የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚዎቻችን አንድ ቀጭን ልጅ ነበራቸው። ሲሮጥ አቧራው ከኋላው ነው የሚነሳው፣ አይያዝም። ከጨዋታው በፊት የቡድናችን አለቃ ጆሮዬ ስር መጥቶ «ቁርጭምጭሚቱን ሰላም በልልኝ» አለኝ። አልኩለት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ልጁ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው አብሮ አልወጣ ብሎት ሲታገል አየሁት። 1 ለ 0 አሸነፍን። እኔን ተሸክመው ዞሩ። እሱ እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ነበር።

ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። ያስታወሰኝ የ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ነው።

ዌልስ ወደዚያ ዋንጫ የሄደችው በጓሮ በር ነው። በማጣሪያው ከቼኮዝሎቫኪያ ሁለተኛ ሆና ወድቃ ነበር። በእስያና አፍሪካ በኩል ግን እነ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢንዶኔዥያና ቱርክ ከእስራኤል ጋር አንጫወትም አሉ። (የእኛም አገር ለዚያ ዋንጫ አመልክታ ነበር፤ ፊፋ አልተቀበላትም።) እስራኤል ማንንም ሳትገጥም ማለፍ ስለማትችል በየምድቡ ሁለተኛ ለወጡት ዕጣ ተጣለ። ዕጣው ዌልስን አወጣ። ቴል አቪቭ አካባቢ 2 ለ 0፣ ካርዲፍ 2 ለ 0፣ ዌልስ አለፈች። የካርዲፉ ጨዋታ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1958 ነበር። የዌልስ አሠልጣኝ ጂሚ መርፊ የማንቸስተር ዩናይትድ ምክትል አሠልጣኝም ነው። በዚህ ጨዋታ ምክንያት ከዩናይትድ ጋር ሳይጓዝ ቀረ። በማግሥቱ ሙኒክ ላይ የዩናይትድ አውሮፕላን ተከሰከሰ። ያንን ሐዘን ተሸክሞ ነው ስዊድን የሄደው።

ቻርልስን ጣልያኖቹ እስከ መጨረሻው ሰዓት አለቅም ብለው ዘግይቶ ደረሰ። ከሃንጋሪ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ ጎሏን ያገባት እሱ ነው፣ በቴስታ። ከሜክሲኮ 1 ለ 1፣ ከስዊድን 0 ለ 0። ከሃንጋሪ ጋር ነጥባቸው እኩል ስለሆነ እንደገና ተጋጠሙ። ሃንጋሪዎች ሰላም አሉት። አንዴ አይደለም። ዳኛው ያያል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። መልሶ አልመታም። ዌልስ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ቻርልስ ግን እያነከሰ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሩብ ፍጻሜ ነው፣ ከብራዚል ጋር። አልተሰለፈም። 1 ለ 0 ተሸነፉ። ጎሏን ያገባው አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ፔሌ። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጎሉ። ከዚያ ወዲያ ዌልስ ዓለም ዋንጫ ለመግባት እስከ 2022 ጠበቀች፤ 64 ዓመት።

«መልሶ ቢመታቸው ኖሮ ይፈሩት ነበር» አልኳቸው ሽማግሌውን። እውነቴን ነው፤ ተከላካይ የሚያውቀው ነገር ነው። የማይመታህን ሰው መምታት ይቀላል።

«እና ቢመታቸውስ ይሻል ነበር?» አሉኝ።

ልጄ ያን ጊዜ ከውሃው ወጥታ እጇን እያወዛወዘች ነበር። ሳልመልስላቸው ተነሳሁ።

ከዚያ ያለው ያሳዝናል፣ ቶሎ ልለፈው። በ1962 ሊድስ በ53,000 ፓውንድ መልሶ ገዛው። ሰላሳ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ደክሟል፣ የጣልያን ፍጥነት ለምዷል። 11 ጨዋታ፣ 3 ጎል። ወራት ሳይቆይ ሮማ በ70,000 ወሰደው፤ ሊድስ በኪሳራ እንኳ አተረፈበት። ሮማም አልሆነለት። ካርዲፍ መጣ፣ ከካርዲፍ ሄርፎርድ የሚባል ትንሽ ክለብ፤ እዚያ እየተጫወተም እያሠለጠነም ቆየ። መጠጥ ቤት ከፈተ። ሥራው አልቀናውም። ገንዘብ እሱ ጋ አይቀመጥም ነበር። በ1997 የጁቬንቱስ ደጋፊዎች በክለቡ ታሪክ ምርጡን የውጭ ተጫዋች ሲመርጡ ፈረንሳዊውን ፕላቲኒን አልፈው እሱን መረጡ። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የመርሳት በሽታ ይዞት ነበር። በ2004 መጀመሪያ ጣልያን ሄዶ ሳለ ታመመ፤ ወደ እንግሊዝ መለሱት። ፌብሩዋሪ 21 ቀን፣ ከሊድስ ብዙ በማይርቀው ዌክፊልድ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ። 72 ዓመቱ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ቁጥሮቹን በስልኬ ጽፌያለሁ። 42። 38። ጣልያን ውስጥ 28። ለሊድስ በጠቅላላው 157 ጎል። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጸጉር በፎጣ እያሹ ዝም ብለው ሰሙኝ። እኔ ጨርሼ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

«እርስዎ ራስዎ እኮ ተከላካይ ሆኖ አላዩትም» አልኳቸው። «ያዩት አጥቂ ሆኖ ነው።»

«አላየሁትም» አሉ። የልጁን ጃኬት ዚፕ እስከ አንገቱ ጎትተው ዘጉ። «አባቴ ግን አይቶታል። ተከላካይ ነው ብሎኛል።»

የልጁን ቦርሳ አንጠልጥለው ወጡ።